የእትዬ አንጓች የእግር ውሃ

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ደርሶብህ ያውቃል? ቀኑን ሙሉ ተጉዘህ ሲመሽ ሰው ቤት ገብተሃል። መደብ ላይ ተቀምጠሃል። የቤቱ እመቤት ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዛ መጥታ እግርህ ሥር ትንበረከካለች። አንተ ግን እግርህን ሰብስበህ፣ «የለም፣ ወንዝ ላይ ታጥቤ ነው የመጣሁ» ብለህ ትዋሻለህ። ለምን እንደዋሸህ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ምናልባት ካልሲህ የተቀደደ ነበር። ምናልባት ተረከዝህ ተሰነጣጥቆ ነበር። ምናልባትም ከዚህ የከፋ የምትደብቀው ነገር ነበረህ።

ደርሶብህ የማያውቅ ከሆነ እሰየው። እኔ ግን ስንት ምሽት እንዲያ እንደዋሸሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ያን ውሸት ያስተዉኝ ሴት እትዬ አንጓች ይባሉ ነበር። «ነበር» ማለት የጀመርኩት ባለፈው የገበያ ቀን ነው።

አሁን በማስተምርበት በደጀን፣ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። የማውቀው የቅቤ ነጋዴ መጥቶ ከጎኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ይጁቤ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«ያቺ እግር አጣቢዋ፣ አንጓች፣ ዐረፈች እኮ።»

ብርጭቆውን ከአፌ መለስኩት። መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። ከጾሙ መግቢያ በፊት ነው አለኝ። ከዚያ ሻዩን እያማሰለ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰው ስለ እግር በሽታ ሲናገር ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እግሯን ታማ ነበር አሉ» አለ።

ምን እንደመለስኩለት በመጨረሻው እናገራለሁ። ነገሩን ከሥሩ ካላስረዳሁ መልሴ ትርጉም አይኖረውም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ይጁቤ የተመደብኩት በመስከረም ነበር። የማስተምረው ሒሳብ፣ አማርኛና ጤና አጠባበቅ ነው። ለጤና አጠባበቅ ትምህርት ከጃንሆይ ሥዕል ሥር በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ትልቅ እግር እሥል ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ በኖራ እያደመቅሁ፣ «ልጆች፣ እግራችንን መቼ መቼ እንታጠባለን?» እላለሁ። «ጧትና ማታ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ይህን የምጠይቀው እኔ ግራ እግሬን ሰው ፊት ካወጣሁ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።

ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው እግሬ ማታ ማታ ማቃጠል የጀመረው። ጣቶቼ ያሳክኩኛል። ጫማዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ ያለው ጎድጓዳ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። የእናቴ ወንድም እግሩ ያበጠ ነበርና አውቀዋለሁ።

እኛ አገር እግሩ ያበጠ ሰው ታመመ አይባልም፤ «ዘሩ ነው» ይባላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የታመመ ሰው ይጠየቃል፤ ዘሩ የተባለ ግን ይደበቃል። አጎቴ ከጓሯችን በተሠራች ጎጆ ለብቻው ይኖር ነበር። ታላቅ እኅቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በመጡ ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ በትሩን አንሥቶ ወንዝ ማዶ ተሻገረ። ማንም ሂድ አላለውም። ማንም ደግሞ የት ትሄዳለህ አላለውም። ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ከሄዱ በኋላ ተመለሰ። ቤት ውስጥ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አልተነሣም።

እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ገና ያልተዳሩ ሁለት እኅቶች ነበሩኝ። ለእኔም ልጅ ታጭታልኝ ነበር። አጎቷ አቶ ያረጋል የይጁቤ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ከአባቴ ጋር የጨረሱትም እርሳቸው ናቸው። እግሬ ከታወቀ የእኔ ጋብቻ ብቻ አይደለም የሚፈርሰው፤ የእኅቶቼም ዕድል አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ጫማዬን አላወልቅም ነበር። ጠባብ ጥቁር ጫማ ነው። ዝናብ ሲያርሰው እግሬ ላይ ይደርቃል። ማታ በሬን ዘግቼ፣ ኩራዙን አጥፍቼ በጨለማ አወልቀዋለሁ፤ እኔም እንዳላየው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ጋር የገባሁት ከማን ቤት መሰለህ? የገባ ሰው ሁሉ እግሩን ካልታጠበ ራት ከማይቀርብበት ቤት።

እትዬ አንጓች ረዥም ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ከገበያው ዳር እስከ ዳር ይሰማል። ቤታቸው ከገበያው ጫፍ ላይ ነው። ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች ለገበያው ዋዜማ እዚያ ያድራሉ፤ እኔ ደግሞ በግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሲመሽ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ገበቴውን ይዘው፣ ከመደቡ አንድ ጫፍ ጀምረው እስከ ሌላው ያጥባሉ። አጥበው ሲጨርሱ እንደ አገሩ ወግ የእግሩን ጣት ይስማሉ። እያጠቡ አፋቸው አያርፍም።

«ይኼ የመርጡለ ማርያም አቧራ ነው። አልዋሸሁም አይደል?»

«አልዋሹም፣ እትዬ።»

«ፊት ያስመስላል እንጂ ተረከዝ አያስመስልም። አንተ ደግሞ በቅሎ አለኝ ስትል አልነበር? ይኼ በቅሎ ያለው ሰው ተረከዝ ነው?»

ሰዉ ይስቃል። ባለ ተረከዙም ይስቃል።

ለምን እንደሚያጥቡ ብዙ ጊዜ ጠይቄአቸዋለሁ። የማስረዳት ፍቅር ያለበት ሰው ምክንያት ሲያጣ አያርፍም። አንዴ፣ «ቁርበቴን እንዳያቆሽሹብኝ ነው» አሉኝ፤ ቁርበት ያሉት እንግዳ የሚተኛበትን ቆዳ ነው። ሌላ ጊዜ፣ «ሥራ ብፈታ ጊዜ» አሉ። አንድ ቀን ደግሞ፣ «ሁለት ባል አግብቼ ሁለቱንም እግራቸውን አጥቤ ሸኘሁ። እጄ ከለመደ ምን ላድርገው?» አሉኝ። እውነተኛው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምናልባት ሁሉም እውነት ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ከእኔ ፊት ሲደርሱ፣

«መምህር፣ እግርዎን» አሉ።

«ታጥቤ ነው የመጣሁ፣ እትዬ።»

«የት?»

«ትምህርት ቤት።»

«ትምህርት ቤቱ ውሃ የለውም። ልጆቹ የሚጠጡት ከእኔ ቤት ነው።»

ነጋዴዎቹ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። «እንግዲያው ነገ» አልኳቸው። «እሺ፣ ነገ» ብለው አለፉኝ። በማግሥቱም ነገ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ብዙ ከቆየሁ በኋላ፣ «ይህች ነገ የምትባል ቀን እኔ ቤት ስንት ልጅ ወለደች!» ይሉኝ ጀመር። ግን አላስገደዱኝም። ተከራይ ነኝና ራትም አልከለከሉኝም፤ ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ ነበር እንጂ የሚያቀርቡልኝ።

በጥቅምት አንድ ምሽት አንድ ጌሾ ሻጭ መጣ። ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ናቸው፤ ጣቶቹ በእብጠቱ ውስጥ ጠፍተዋል። በሩ ላይ ቆሞ ለመግባት ያመነታል። ከመደቡ ላይ አንድ ወጣት የበቅሎ ነጋዴ ተናገረ።

«እትዬ፣ ይኼ ሰው ውጭ ቢያድር አይሻልም? ለራሱም ይመቸዋል።»

ለራሱም ይመቸዋል። ይህችን አባባል ያዛት፤ ተመልሳ ትመጣለች።

እትዬ አንጓች ወደ በሩ ሄዱ። ሰውየውን በትከሻው ይዘው መደቡ ላይ አስቀመጡት፤ ውሃውንም አመጡ። ጌሾ ሻጩ እግሩን ሊያሸሽ ሞከረ። «ተው፣ ይደፋብኛል» አሉት። እያንዳንዱን የእብጠቱን እጥፋት በእጃቸው እየገለጡ አጠቡ፤ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲጨርሱ እንደማንኛውም እንግዳ ሳሙት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ ከሞተች ወዲህ የሰው እጅ ዐርፎበት አያውቅም» አለ። ለእርሳቸው ብቻ ነው የተናገረው፤ ግን ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

ገበቴውን ይዘው ወደ በቅሎ ነጋዴው ተሻገሩ።

«እኔ ታጥቤአለሁ» አለ።

«እንግዲያው ራትም በልተሃል» ብለውት አለፉ።

ራት ቀረበ። የበቅሎ ነጋዴው የሽሮውን ሽታ ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ከውሃው የተረፈ አለ?» አለ። ጌሾ ሻጩ ራሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔ ከገዛ ጫማዬ ላይ ነበር፤ ከሰውየው ጋር ዓይን ለዓይን ከተያየን ያውቀኛል ብዬ ፈራሁ።

ኅዳር ሲገባ እግሬ ውስጥ ለውስጥ ቆሰለ። ብሽሽቴ አበጠ፤ ትኩሳት ጣለኝ፤ ሰው እንዳያይብኝም ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። ለትምህርት ቤቱ ምች መታኝ ብዬ ላክሁ። እትዬ አንጓች ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። በማግሥቱ ጧት ሲገቡ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው አየሩን አሸተቱ።

«ምች እንዲህ አይሸትም» አሉ።

ወጥተው ገበቴውን ይዘው ተመለሱ። በሩን ከውስጥ ዘጉት።

«ጫማህን አውልቅ።»

እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ።

«እትዬ፣ ስለ ማርያም ይተዉኝ።»

«እኔስ ስለ ማን ብዬ ነው የምለምንህ?»

አለቀስኩ። ሃያ ዓመት ያለፈኝ፣ ከሰሌዳ ፊት የምቆም ሰው፣ ትራሱን አፌ ውስጥ ጨምሬ አለቀስኩ። እርሳቸው አልጠበቁኝም፤ የጫማውን ማሰሪያ ፈቱ። ካልሲው ከቁስሉ ተጣብቆ ነበርና እስኪላቀቅ በውሃ አራሱት። ከዚያ እግሬ በብርሃን ወጣ። እኔ እግሬን አይደለም ያየሁት፤ የእርሳቸውን ፊት ነው። ሲለወጥ ለማየት ጠበቅሁ።

«ውሃው አቃጠለህ እንዴ?» አሉኝ።

በየጣቶቼ መካከል በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ጨረሱና ሳሙት። ያኔ ነው ስለ አጎቴ፣ ስለ እኅቶቼ፣ ስለታጨችልኝ ልጅ ሁሉንም የነገርኳቸው።

«ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም» አሉ። «አንዱ እባብ ረግጦ ነው ይላል፤ ሌላው መተት ነው ይላል። እኔ የማውቀው የሸተተ ነገር እንደሚታጠብ ነው። ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«ደብረ ማርቆስ? እዚያማ ሰው ያውቀኛል።»

«እኔንም ያውቀኛል» አሉ።

በእህል መኪና ተሳፍረን ሄድን። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በወረፋው ላይ ተቀምጠን ሳለ ሁለት የይጁቤ ሴቶች መጡ። እኔ ወደ መሬት አቀረቀርኩ።

«ውይ፣ አንጓች! ምን ሆንሽ?»

አፌን ሳልከፍት እትዬ አንጓች መለሱ። «እግሬን ነው፣ እኅቴ። ይኼ መምህር ደግፎ አመጣኝ፣ እግዜር ይስጠው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች።

ውስጥ ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አየ። ቁምጥና እንዳልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይሄድ ነገረኝ። እኛ አገር በባዶ እግር ከሚረገጠው ቀይ አፈር ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ አለኝ፤ ልጅነቴን ሁሉ የረገጥኩት እርሱን ነው። መድኃኒቱን ሲነግረኝ ግን የሚቀልድብኝ መሰለኝ። በየቀኑ በሳሙና ታጠበው፤ በደንብ አድርቀው፤ አየር ይንካው፤ ሰፋ ያለ ጫማ አድርግ። ይኸው ነው። ቀድመህ ከያዝከው አይብስም አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መድኃኒቱ ማታ ማታ በየቤቱ ለእንግዳ የሚቀርበው ውሃ ነው። ውሃው ከአጎቴ ጎጆ ደጃፍ ነበር፤ ከእኔም እግር ሥር ድረስ ይመጣ ነበር። ሁለታችንም እንዳንነካው ያደረገን በሽታው አይደለም፤ ዕፍረቱ ነው። እግሬን ግማሽ መንገድ ያደረሰው አፈሩ ከሆነ፣ የቀረውን ግማሽ ያደረሰው ኩራዙን አጥፍቶ ማውለቁ ነው።

ስንመለስ፣ መኪናው ላይ ከጆንያዎቹ መካከል ተቀምጠን፣ ለምን እንደዋሹ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ገና ልታገባ ነው» አሉኝ። «እኔ አግብቼ ጨርሻለሁ። የእኔን እግር ማን ያየዋል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ክፍሌ እየመጡ አጠቡኝ። ትኩሳቱ ጠፋ፤ ቁስሉ ደረቀ። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ይጁቤ ገብቶ ኖሯል። አንጓች እግሯን ታማለች፤ ያ ጌሾ ሻጭ ነው ያጋባባት፤ በአንድ ገበቴ እያጠበች ለሁሉም ታጋባለች። በታኅሣሥ የገበያ ዋዜማዎች ነጋዴዎቹ ሌላ ቤት ማደር ጀመሩ። «ዘንድሮ ቁርበቴ ዐረፈ» ይሉ ነበር እትዬ አንጓች እየሳቁ። አንዷ ጎረቤት ደፍራ፣ «እስቲ እግርሽን አሳዪንና ወሬው ይቁም» ብትላቸው፣ «የሰው እግር ማየት የፈለገ ውሃ ይዞ ይምጣ» ብለው መለሱላት። ውሃ ይዞ የመጣ አልነበረም።

እውነቱን ልናገር ስላቸው ይቆጡኝ ነበር። «ዝም በል። መጀመሪያ እኅቶችህ ይዳሩ።» እኔም ዝም አልኩ። ዝም በል መባሌ ደስ ብሎኝ እንደነበር መደበቅ አልችልም።

እትዬ አንጓች የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላው በአንድ ጽዋ ይዞራል። ሰው ሲታመም የሚጠይቁት፣ ሲሞት የሚቀብሩት እነዚህ ናቸው። ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ተራው የእትዬ አንጓች ነበር። ከበዓሉ ቀደም ብሎ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ መጡ። ሙሴው ደግሞ አቶ ያረጋል ናቸው፤ ያው የታጨችልኝ ልጅ አጎት። በረንዳው ላይ ተቀምጬ የልጆቹን ደብተር አርም ነበር።

«አንጓች፣ ዘንድሮ ተራሽን እናሳልፍልሽ ብለናል» አሉ አቶ ያረጋል። «እኔ ቤት ይሁን።»

«ለምን?»

«አሞሻል። ዕረፊ።»

«ደክሞኛል አልኩ?»

«ለአንቺው ብለን ነው እንጂ…»

ተመልሳ ትመጣለች ያልኩህ አባባል ይህች ናት። ሰውን ከመካከላችን ስናወጣ፣ ለራሱ ብለን ነው የምናወጣው።

«ጠላዬን ጠንስሻለሁ» አሉ እትዬ አንጓች። «ማርያምን ከቤቴ አልመልስም። የመጣ ይምጣ።»

አቶ ያረጋል ሲሄዱ ለእኔ በአክብሮት ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። እትዬ አንጓች ግን ያን ምሽት አልቀለዱም። እግሬን ሲያጥቡኝ ልማዳቸው የነበረውን የተረከዜን ነገር እንኳ አላነሡም።

በበዓሉ ቀን ሰው መጣ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ምሕረቱ፣ «የማርያም ጽዋ ከቤት አይዘለልም» ብለው ስለነበር መቅረት አልተቻለም። መጡ እንጂ እንደ ወትሮው አልተቀመጡም። ወደ በሩ ተጠጋግተው፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው። እኔ እንደ ቤት ልጅ ተቆጥሬ ከጥግ ተቀምጫለሁ። እትዬ አንጓች አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገበቴውን ይዘው ገቡ። ከአቶ ያረጋል ጀመሩ።

«ታጥቤ ነው የመጣሁ፣ አንጓች።»

ወደ ቀጣዩ ሄዱ። «እኔም ታጥቤአለሁ።»

«ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣን፣ ታጥበን።»

«አትድከሚ፣ እኅቴ።»

የራሴን ውሸት ከሰው ሁሉ አፍ ሰማሁት። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። እርሳቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ሄዱ፤ ከመደቡ መጨረሻ ደረሱ። ማንም ያልነካውን ውሃ ይዘው በቤታቸው መካከል ቆሙ። የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

ጫማዬን የፈታሁት ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ያን አቋቋማቸውን ማየት አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ወደ እኔ ይምጡ» አልኩ። ካልሲዬን አወለቅሁ። ግራ እግሬን በቀን ብርሃን፣ በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋሁት። «ሆስፒታል የሄድነው በዚህ እግር ነው። የእርሳቸው እግር ጤነኛ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ያረጋል እግሬን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን አዩ፤ ከዚያ እንደገና እግሬን። እትዬ አንጓች መጥተው ተንበረከኩና፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ማን ተናገር አለህ፣ አንተ ጅል!» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደግሞ፣ «ውሃው ቀዘቀዘብህ፣ ቻለው» አሉ። አጠቡኝ፤ አደረቁኝ፤ ሳሙኝ።

አቶ ያረጋል በቅሎዬን ልየው ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። ቄስ ምሕረቱ ግን ጫማቸውን አወለቁና፣ «አንጓች፣ ሙቅ ጨምሪበትና ወደዚህ አምጪው» አሉ። ከእርሳቸው በኋላ ጥቂቶቹ ታጠቡ። የበዙት አልታጠቡም። ጽዋው ግን ዞረ፤ እትዬ አንጓችም ጠጡበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳላሳምር ልናገር። አቶ ያረጋል በትሕትና ሰው ልከው፣ ልጅቷ ገና ሕፃን ናት አሉ። ካልተዳሩት ሁለት እኅቶቼ ታላቂቱን ለመጠየቅ ቀጠሮ የያዙ ሽማግሌዎች ቀጠሯቸውን ረሱት። እናቴ በሰው፣ «እግርህን ገበያ አወጣኸው» ስትል ላከችብኝ። ይህን የሚመልስ ማስረጃ የለኝም። የሐኪሙን ቃል ሄጄ ባስረዳትም ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች እንጂ አታምነኝም። እርሷ ኋላ ላይ ተዳረች፤ ታናሿ ግን እስካሁን እናቴ ጋ ናት። ወደ ቤት በሄድኩ ቁጥር እርሷ ናት በሩን የምትከፍትልኝ፤ እኔ ቀና ብዬ አላያትም።

አንዳንድ ነጋዴዎች ወደ እትዬ አንጓች ቤት ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። በእነርሱ ፈንታ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ከየሩቁ ይመጡ ጀመር። ወደ ደጀን ተዛውሬ ልሰናበታቸው ስገባ አንዱን እያጠቡ ነበር።

«ደጀን ማን ያጥብሃል?» አሉኝ።

«ራሴ።»

«ብቻውን የሚታጠብ ተረከዙን አያየውም» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ ደጀን እንደገባሁ ለአከራዬ፣ ለአንድ የቀድሞ ወታደር፣ እግሬን አሳየኋቸው። ጎልማሳው ወታደር መጀመሪያ ተሳደቡ፤ ቀጥለው ውሃ አሞቁ። ተረከዜን የሚያይልኝ ሰው አለኝ። እግሬም አልባሰም።

አሁን ለቅቤ ነጋዴው የመለስኩትን ልናገር። በአግዳሚው ላይ ሰው ሞልቷል፤ አውቶቡስ ገብቶ ተሳፋሪው እየወረደ ነው። ዝም ማለት ይቻል ነበር። ያ የቀድሞው ሙቀት ጆሮዬ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ።

«የእትዬ አንጓች እግር አልታመመም» አልኩት። «የታመመው ይኼ ነው።» ግራ እግሬንም ዘረጋሁ።

ነጋዴው አየው። ክፉ ሰው አይደለም። «እግዜር ይማርዎት» አለኝ። እንዲያ እያለ የጋቢውን ጫፍ ከእኔ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሰበሰበው።

ዕፍረት ይለቃል ብዬ አላስተምርህም፤ እኔን አልለቀቀኝም። ጫማዬን በፈታሁ ቁጥር አብሮኝ ይቀመጣል። ግን ከዕፍረቴ ጋር ሆኜ እታጠባለሁ።

አንተም እስቲ ዛሬ ማታ ሞክረው። በቤትህ ወይም በጎረቤትህ፣ ሰው ሲሰበሰብ ወንዝ ማዶ የሚሻገር፣ «ታጥቤአለሁ» እያለ እግሩን የሚሰበስብ ሰው አይጠፋም። ምን ሆንክ ብለህ አትጠይቀው። እግርህን አሳየኝም አትበለው። ውሃ ይዘህ ሂድ። ነገ ቢልህ፣ ነገም ይዘህ ሂድ።

ውሃው ብቻ ለብ ያለ ይሁን።